የቆመ ዘንግ

«ተይው ብያለሁ፣ ቺሆ! ዛሬ ወንዝ የሚገባ የለም!»

ኦካቤ ይህን ይጮኻል እንጂ የመሰላሉን እግር ጥብቅ አድርጎ ይዞላታል። ሰውዬው እንዲህ ነው፤ አፉ ሲከለክል እጁ ያግዛል። ቺሆ ከላይ ሆና በመጋዘኑ ጣሪያ ስር የተንጠለጠለውን ጠባብ የአንድ ሰው ጀልባ፣ የቀዩን ካያክ ገመድ ትፈታለች። ሦስት ዓመት ማንም አልነካውም። አቧራውና የሸረሪት ድሩ ፊቷ ላይ ይራገፋል።

«ያዘው፣ ጋሼ፣ መጣልህ!»

«ኧረ ቀስ! አናቴን ልትፈጪው ነው እንዴ? ይሄ እኮ ጀልባ አይደለም፣ የስልክ እንጨት ነው!»

«ሄልሜት አታደርግም ነበር?»

«ሻይ እየጠጣሁ ሄልሜት የማደርግ እብድ መሰልኩሽ?»

ኦካቤ በዮሺኖ ወንዝ ላይ አገር ጎብኚዎችን በጎማ ጀልባ የሚያወርድ አነስተኛ ድርጅት አለው። ቺሆ የእሱ ሠራተኛ ናት። በአጭር ካያክ ከጎማ ጀልባዎቹ ፊት ፊት እየቀዘፈች፣ ውሃ ውስጥ የወደቀውን ሁሉ እየለቀመች ወደ ዳር ታወጣለች። ዛሬ ግን ሥራ የለም። የኦቦን መግቢያ ነው፤ ሙታን በየዓመቱ ወደየቤታቸው የሚመለሱበት የነሐሴ ሰሞን። በዚህ ሰሞን ወንዝ የገባን ሰው ሙታኑ እግሩን ይዘው ያስቀሩታል ይላሉ የሸለቆው ሽማግሌዎች። ኦካቤ እንዲህ ያለ ወሬ አላምንም ባይ ነው፤ ነገር ግን በኦቦን መግቢያ ቀን ሥራ ከፍቶ አያውቅም።

«በመኪና ላድርስልሽ» አላት፣ ካያኩን መሬት ላይ አጋድመው በጨርቅ ሲወለውሉት።

«በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ? ግማሹ በኋላ ወጥቶ የሰው አጥር ሊያፈርስልኝ?»

«ቀስ ብዬ እነዳለኋ።»

«ጋሼ፣ አንተ ደግሞ መቼ ነው ቀስ ብለህ ነድተህ የምታውቀው?»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና የጀልባውን አፍንጫ በመዳፉ ዳበሰው። አፍንጫው ላይ ቀለሙ ተፍቆ ነጭ የሆነ ጭረት አለ። ያንን ጭረት ምን እንዳወጣው ሁለቱም ያውቃሉ።

ጀልባው የታላቅ ወንድሟ የሶይቺ ነው። ሌላ ቤት ቢሆን ለሟቹ መምጫ ክያር ላይ አራት የእንጨት እግር ይሰኩለታል፤ ፈረስ ይሉታል፤ ሟቹ እሱን ጋልቦ ቶሎ ወደ ቤቱ ይደርሳል። እናታቸው ፉሚም ይህንኑ ታደርግ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ክያሩን ይዛ ቆየችና ቢላዋውን አስቀመጠችው። «ሶይቺ በሕይወቱ ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ምኑን ይጋልበዋል? ጀልባውን አምጪለት፣ ልጄ» አለች።

የእናቷ ሐዘን ሌላም ጉድ አለበት። በኦቦን መግቢያ ምሽት በር ላይ የሚነደውን የመቀበያ እሳት የሚለኩሰው በዚህ ቤት ወግ አባወራው ነው። አባቷ ጌንዞ ደግሞ አሻፈረኝ ብለዋል። እናቷ በየዓመቱ የደረቀውን የቃጫ አገዳ በሸክላ ሳህን ደርድራ ክብሪቱን አጠገቡ ታስቀምጣለች፤ ሲመሽ እንደደረደረችው መልሳ ትሰበስበዋለች። እሷን ብትጠይቋት፣ ልጇ የሚጠራው አጥቶ ሦስት ዓመት ሙሉ ደጅ ነው ያለው። ዝናብ ሲዘንብ ተነስታ በሩን ከፍታ የምታይበት ጊዜ አለ። ቺሆ በመኝታዋ ሆና የበሩን ድምፅ ትሰማለች፤ ትሰማና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

«አባትሽስ ዘንድሮ?» አላት ኦካቤ፣ ካያኩን ወደ ውሃው ሲሸከሙ።

«ምን አዲስ ነገር አለ። ‹ቁም ብዬው ቀልዶብኝ ለሄደ ልጅ፣ ና ብዬ እሳት አላነድለትም› ይላሉ።»

«ሽማግሌ ሲያኮርፍ ከድንጋይ ይብሳል።»

«ከድንጋይማ ውሃ ያልፋል» አለች ቺሆ።

ጀልባው ውስጥ ገብታ ውሃ የሚከላከለውን የወገብ መሸፈኛ ጎማ ዙሪያውን ወጠረች። ይህ ከለመደችው አጭር ካያክ የተለየ ፍጥረት ነው። ቀጭን ነው፤ ገና ሲቀመጡበት ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሲቀዝፉት ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አለመሄድም አይችልም። ሶይቺ ሲያስተምራት፣ «አጭሯ ጀልባ ስትነግሪያት ትሰማሻለች። ረጅሟን ግን ከመታጠፊያው በፊት ካልነገርሻት አበቃ፣ እልኸኛ ናት» ይላት ነበር። «በክንድሽ አትታገያት። በወገብሽ አዘንብለሽ ለምኛት።»

ኦካቤ በእግሩ እየሮጠ ቀድሟት ድልድዩ ላይ ወጣ። ከታች ያለውን ውሃ አየና የያዘውን መቅዘፊያ ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ አቆመላት። መንገዱ ክፍት ነው፣ ነይ ማለቱ ነው። ቢያጋድመው ኖሮ ቁሚ ማለት ይሆን ነበር። የካያክ ሰው ሁሉ ይህን ቋንቋ ያውቃል፤ በወንዝ ጩኸት ውስጥ አፍ አይሰማምና ሲያዩት እጃቸው ሳይጠየቅ ይታዘዛል። ቺሆም የራሷን መቅዘፊያ አቁማ፣ መጣሁ ብላ መለሰችለትና በድልድዩ ስር አለፈች።

«ሙታኑን ሰላም በይልኝ!» ብሎ ጮኸ ከላይ። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። ኦካቤ ነው፤ ምን ይደረግ።

ከድልድዩ በታች ሸለቆው ጸጥ ይላል። ውሃው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ በጥልቁ ይሄዳል፤ የሚሰማው መቅዘፊያዋ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው። ከመቀመጫው ፊት የሶይቺ ጉልበት የጫነው ስፖንጅ አሁንም የእሱን ቅርፅ ይዟል። ጉልበቷን ባሳረፈች ቁጥር ሰው ቦታ ላይ የተቀመጠች ይመስላታል። አንድ ጊዜ፣ ወይ ጉድ፣ «ይቅርታ» ብላ ስትናገር ራሷን ሰማች።

የምትፈራው ቦታ ገና ከፊቷ ነው። አማት ይሏታል። ሸለቆው ጠቦ ወንዙ በሁለት ትላልቅ ድንጋዮች መካከል ነጭ አረፋ ሆኖ የሚወርድባት ጉሮሮ ናት፤ ስትገባባት ትጮህብሃለች፣ ስትወጣ ታኮርፍሃለች። የኦካቤ ጎማ ጀልባዎች ከእሷ በላይ ወደ ዳር ይወጣሉ። ቺሆም ከዚያ ቀን ወዲህ አልወረደችባትም።

ያን ቀን ሶይቺ በዚህ ጀልባ ለውድድር ይለማመድ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ሞልቷል፤ ቺሆ በአጭሯ ካያክ ከኋላው ናት። ከአማት በላይ ያለውን መታጠፊያ ቀድሟት ዞረ። ከዚያ አንገቱን መልሶ ሲያያት ፊቱ በሳቅ ተሞልቶ ነበር።

«አባባ ና እያሉኝ ነው! ታይቶ ይታወቃል?» አላት።

ደስ ቢለው አያስደንቅም። አባታቸው ጌንዞ የሸለቆው ጀልባ ነጂ ናቸው፤ እንግዶችን በጠፍጣፋ የእንጨት ጀልባ እያሳፈሩ፣ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ እየገፉ ኖረዋል። የልጃቸውን ካያክ «የላስቲክ ጫማ» ይሉት ነበር እንጂ አንድ ቀን ቆመው አይተውለት አያውቁም። ሶይቺ መቅዘፊያውን ወደ ሰማይ አቁሞ መለሰላቸውና ወረደ። ቺሆ ስትዞር ዓይኗ ያረፈው ጎርፉ አምጥቶ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ባጋደመው የዝግባ ግንድ ላይ ነበር። ሌላ ምንም አላየችም። ጀልባው ከግንዱ ስር ገባ። ሲያወጡት ከአፍንጫው ጭረት በቀር ጀልባው ደህና ነበር።

አባቷ ለፖሊስም ለጎረቤትም የተናገሩት አንድ ነገር ነው። «ከድንጋዩ ላይ ሆኜ ቁም አልኩት። እያየኝ ቀልዶብኝ ሄደ።» ከዚያ በኋላ ስለ ልጃቸው ትንፍሽ አላሉም።

ቺሆም የሰማችውን ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር አባቷን ውሸታም ማለት ይሆንባታል። አባቷ አይዋሹም፤ ሶይቺም በዚያች ደቂቃ የሚዋሽበት ምክንያት አልነበረውም። ታዲያ አባባ ቁም ካሉት፣ ና ያለው ማን ነው? ሸለቆው ውስጥ የዘመድ መልክ ይዞ የሚጠራ ነገር አለ እያሉ ሲያስፈራሯቸው ነው ያደጉት። ቀን ቀን ትስቅበታለች። ብቻዋን ስትሆን ግን ያ ነገር የአባቷን መልክ ለብሶ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ይታያታል፤ ሶይቺም እየሳቀ ወደ እሱ ይወርዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው እውነት ነው።

የአማት ጩኸት ተሰማት። ቺሆ መታጠፊያው ገና ሳይደርስ ጀልባውን በወገቧ አዘነበለች፤ እንደተባለውም ቀድማ ለመነችው። ረጅሙ አፍንጫ በዝግታ፣ እያመነታ ዞረ። ፀሐይ ከኋላዋ ሆና ሸለቆውን ሁሉ ታበራዋለች።

ድንጋዩ ላይ ሰው ቆሟል።

እጇ መቅዘፊያው ላይ ደረቀ። ሰማያዊው የሥራ ካፖርት፣ የሣር ባርኔጣው፣ ጎበጥ ያለው ትከሻ። አባቷ ናቸው። ሥራ ላይ ናቸው ብላ ነበር። ቀዩን ጀልባ እንዳዩ ዘንጋቸውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገው አቆሙት።

ነይ እያሉኝ ነው፣ አለች በሆዷ። ፍርሃቷ ሁሉ ባንዴ ለቀቃት። አኩርፈው የኖሩት ሰው የልጃቸውን ጀልባ ቆመው እየተቀበሉ ነው! መቅዘፊያዋን አቁማ፣ መጣሁ ብላ መለሰችላቸውና ወረደች።

ጉሮሮው ዘንድሮ ንጹህ ነው፣ ግንድ የለበትም። ውሃው ጀልባውን ነጠቃት፤ አፍንጫው ሞገድ ሰንጥቆ ገባ፣ ደረቷ ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ ወጣ። አጭር ጀልባ ሞገዱ ላይ ትዘላለች፤ ይህ ግን እንደ ቢላዋ በመሃሉ ያልፋል። ከግራ የመጣው ጅረት ጭራውን ሊያዞርባት ሲል ወገቧን ወደ ጅረቱ ጣለች፣ መቅዘፊያዋን ከኋላ ተክላ ጠበቀች፣ ቀናላት። ሁለቱ ድንጋዮች በግራና በቀኝ አለፉ። ከድንጋዩ ጀርባ ውሃው ዞሮ ወደሚያርፍበት ጸጥ ያለ ጥግ ስትገባ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

ጌንዞ ከድንጋዩ እየተንሸራተቱ ወረዱ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አንቺ ነሽ?» አሉ። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። እማዬ ጀልባውን አምጪው ብላኝ…»

«ቁሚ አላልኩሽም?»

«መቼ?»

«መቼ ትለኛለች! ዘንጌን አቁሜ፣ እያየሽኝ!» ዘንጉን ውሃው ላይ መቱት። «አንቺም እንደሱ አቁመሽ መለስሽልኝ። ቆሜያለሁ ብለሽኝ መጣሽብኝ! እሱም እንዲሁ ነው ያደረገኝ። አባት መቀለጃችሁ ነው እንዴ?»

ቺሆ ያኔ ገባት። ዘንግ ሲቆም ጀልባ ይቆማል። ይህን የሸለቆው ጀልባ ነጂ ሁሉ ከአያት ከቅድመ አያቱ ይዞታል። ማቆም የፈለገ ዘንጉን ወንዙ ወለል ላይ ቀጥ አድርጎ ተክሎ ጀልባውን ያስርበታል፤ ከኋላ ያለው የቆመ ዘንግ ካየ ይቆማል፤ የራሱንም አቁሞ፣ ቆሜያለሁ ብሎ ይመልሳል። እሷም ሶይቺም ገና በእናታቸው ጀርባ ሳሉ ያውቁት ነበር። ከዚያ ካያክ ለመዱ፣ እጃቸው ሌላ ቋንቋ ተማረ፣ የአባታቸውን ረሳው።

ጭራቅ አልነበረም። የሙት መንፈስም አልነበረም። አባባ ቁም አሉት፣ ሶይቺ ና ሲሉት አየ፤ ሶይቺ መጣሁ አላቸው፣ እሳቸው ቆሜያለሁ ሲላቸው አዩ። ምነው ጭራቅ በሆነ ኖሮ፣ አለች ቺሆ በሆዷ። ጭራቅ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«እዚህ ምን ይሠራሉ፣ አባባ?» አለች በመጨረሻ።

ጌንዞ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው አሹት። «በዚህ ቀን ቤት መቀመጥ አልችልም» አሉ። «እናትሽ ያንን አገዳ ስትደረድር ማየት አልችልም። እዚህ እመጣለሁ።»

ከወንዙ ወደ ቤት የሚወስደው ዳገት ጠባብ ነው። ቺሆ የጀልባውን አፍንጫ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ለመሳብ ስትዘጋጅ ጭራው ከመሬት ተነሳ። ዞር ስትል አባቷ «የላስቲክ ጫማውን» ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በሌላ እጃቸው ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል።

«ምን ታዪኛለሽ? ሂጂ እንጂ!»

ሄዱ። ጀልባው በመካከላቸው ውሃ ያንጠባጥባል። እሷ ፊት ናት፣ እሳቸው ኋላ፤ አይተያዩም። ከዳገቱ ግማሽ ላይ የአባቷ እርምጃ ቀስ አለ።

«ቺሆ።»

«አቤት።»

«እናንተ ዘንድ… መቅዘፊያ ሲቆም ምን ማለት ነው?»

ጌንዞ ሞኝ አይደሉም። ልጅቷ እየሳቀች ስትወርድ አይተዋል፤ የሚያላግጥ ሰው እንደዚያ አይስቅም። እውነቱን ብትነግራቸው ሶይቺ ነጻ ይወጣል፣ እሳቸው ግን በገዛ እጃቸው ልጃቸውን ወደ ግንዱ የጠሩ አባት ሆነው ይቀራሉ። ይህን ተሸክመው ክረምቱን አይወጡም። ዝም ብትል ደግሞ ሶይቺ ባለጌ እንደተባለ ይቀራል፣ እናቷም በዝናብ በሩን እንደከፈተች ትኖራለች።

«ቁም ማለት ነው» አለች።

«እናንተም ዘንድ?»

«እኛም ዘንድ።»

«ታዲያ ለምን መጣ?»

«አላየዎትም፣ አባባ። ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ነበረች። መቅዘፊያውን ያቆመውም ለእኔ ነው፤ ከኋላው ነበርኩ፣ ቁሚ ሲለኝ ነው። እንጂ ሶይቺ በእርስዎ አይቀልድም። እርስዎን ቢያይ ኖሮ ይቆም ነበር።»

ብዙ መንገድ ሄዱ። ውሸቱ የሰመረላት መሰላት። ከዚያ ከኋላዋ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ በዝግታ፣

«በዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ ፀሐይ ከኋላ ነው የምትመታው» አሉ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ ወንዝ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። የቺሆ እንባ ወረደ፤ እጇ ጀልባውን ስለያዘ መጥረግ አልቻለችም። እሳቸውም ሌላ ነገር አልጠየቋትም። ጭራውም ከትከሻቸው አልወረደም።

ፉሚ በሩ ላይ ተቀምጣ አገዳዋን በሸክላው ሳህን ላይ ትደረድር ነበር። ቀዩን ጀልባ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጀልባውን መሬት ላይ ሲያሳርፉት ተነስታ ሁለንተናውን ዳበሰችው።

«ገና እርጥብ ነው» አለች። «ቺሆ፣ ገና እርጥብ ነው!»

«አሁን ደርሶ ነው፣ እማዬ።»

ፉሚ ባሏን ቀና ብላ አየቻቸው። «እንደማትለኩሰው አውቃለሁ። ዝም ብዬ ነው የደረደርኩት፤ አታኩርፍብኝ» አለች።

«ክብሪቱን ስጪኝ።»

«ምን አልክ?»

«ክብሪቱን ነው የምልሽ፣ ሴትዮ። ጆሮሽ ደግሞ መቼ ደነቆረ?»

ተንበረከኩ። የመጀመሪያው ክብሪት ተሰበረ፤ ሁለተኛው ያዘ። የደረቀው አገዳ ቶሎ ነደደ፤ ጭሱ በጀልባው ላይ አልፎ ወደ ቤት ገባ። ፉሚ እጆቿን አጋጥማ ጎንበስ አለች፣ የልጇን ስም እየጠራች ታለቅስ ጀመር።

ጌንዞ ግን አልጸለዩም። ተነስተው ዘንጋቸውን አነሱና ከበሩ ጎን፣ ከእሳቱ አጠገብ፣ አፈሩ ለስለስ ያለበትን ቦታ በእግራቸው ፈለጉ። ዘንጉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መሬት ሰኩት። ወዘወዙት፤ አልጠበቀም። እንደገና ሰኩት፣ ዙሪያውን በተረከዛቸው ረገጡት። ዘንጉ ከጣሪያው በላይ፣ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይሄ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?» አለች ፉሚ እንባዋን እየጠረገች። «በር ላይ ሰው ያደናቅፋል እኮ።»

«ተይው» አሉ ጌንዞ። «ይየው።»

ቺሆ ዘንጉን ቀና ብላ አየችው፤ በሶይቺ ቋንቋ ና ይላል። መግቢያው እንዳይጠብ ጀልባውን ወደ ግድግዳው አስጠጋችው።